ጉርሻ ያቆመው እጅ

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ እናቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ወጥቷል። ትሪው መሀል ተቀምጧል። አጎቴ ግን ወደ ትሪው አልቀረበም። በትንሽ ሳህን ለብቻው አስወጥቶ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠና በማንኪያ መብላት ጀመረ።

ዶሮ ወጥ በማንኪያ!

እናቴ ከፋት። "ምነው ወንድምዬ፣ ተጠየፍከን እንዴ?" አለችው። "ኧረ ባክሽ፣ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነው። ልጆቹን እንዳላስይዝ ብዬ ነው" አላት። አላመነችውም። እኔም አላመንኩትም።

በኛ ቤት ጉርሻ የሚታወቀው በሱ ነው። ልጆች ሳለን በዓል ሲመጣ አፋችንን ከፍተን የምንጠብቀው የሱን እጅ ነበር። ሽሮም ይሁን ሥጋ፣ እሱ ጠቅልሎ ሲሰጥ ይጣፍጣል። "አንድ ያጣላል" ይልና ሁለተኛውን ያስከትላል። ያን ቀን ግን ለማንም አላጎረሰም። የእህቴ ትንሽ ልጅ ሄዳ አፏን ከፈተችለት። በማንኪያ ሰጣት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደኔ ዞረች።

ቡናው ሲፈላ ተከትዬው ወደ በረንዳ ወጣሁ። "ጋሼ፣ እስቲ እጅህን አሳየኝ" አልኩት። "ምን ያደርግልሻል?" አለኝ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ቆይቶ ሁለቱንም ከኪሱ አወጣቸው።

መዳፉ ዝናብ እንደራቀው ማሳ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቆቹ ጥልቅ ናቸው። አንዳንዶቹ ቀይ ሥጋ ያሳያሉ። በጣቶቹ መሀል ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች አሉ። የፈነዱት አዥተው ደርቀዋል። የእጁ ጀርባና አንጓው አካባቢ ጠቁሮና ወፍሮ ቆዳው የሱ አይመስልም። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ስንጥቅ በፕላስተር ታስሯል። በዚህ እጅ በርበሬ እንዴት ይነካል? ማንኪያው ያኔ ገባኝ።

"ስንት ጊዜ ሆነህ?" አልኩት።

"አራት ዓመት።"

አራት ዓመት። እኔ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ፒያሳ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ስትወርዱ ቸርችል ጎዳና፣ ወደ ላይ ስትሉ ጊዮርጊስ ቅርብ ነው። ከ2016 ጀምሮ አካባቢው ሲፈርስና ሲሠራ ነው የኖረው። አቧራው መደርደሪያችን ድረስ ይገባል። ወደ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከየሳይቱ የሚወጡ የቀን ሠራተኞች በራችን ላይ ያልፋሉ። አንዳንዱ ጎራ ይላል። ፓራሲታሞል፣ የወገብ ቅባት፣ ፕላስተር ይገዛል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እጁን በባንኮኒው ላይ ዘርግቶ "እህቴ፣ የሚያሳክክ ነገር ነበረኝ፤ ቅባት ስጪኝ" ይላል።

እሰጣለሁ። ቤታሜታሶን ያለበት ቅባት አለ። ጭርት ከመሰለኝ የፈንገስ መድኃኒት አለ። ቫዝሊን አለ። ዓመታት እንዲህ ነው የሠራሁት። "ስንት ጊዜ ሆነህ?" እላለሁ። "ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?" እላለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ልብሱ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ እያየሁ "ምን ሥራ ነው የምትሠራው?" ብዬ ለጤናው ስል የጠየቅሁት ሰው አልነበረም።

አጎቴ ለሳኝ ነው። ልስን ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። ቦሌ ለሰነ፣ ካዛንቺስ ለሰነ፣ ሰንጋ ተራ ለሰነ። ታክሲ ላይ ሆነን ስናልፍ "ያንን ሦስተኛውን ፎቅ እኔ ነኝ" ይለኛል። የሱ ልስን መስተዋት ነው ይላሉ ጓደኞቹ። በመዳፉ ዳብሶ ነው ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያረጋግጠው። እጁ መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑም ነው።

ሕመሙ ሲጀምረው ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ታሸለት። ቀጥሎ እከክ ነው ተባለ። በግራዋ ታጠበ። አንዱ ጓደኛው "ናፍጣ ቀባው፣ ያደርቀዋል" አለው። ቀባው። ተቃጠለ። ሌላው ሎሚ አለው። በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሎሚ ምን እንደሚያደርግ የሞከረው ያውቀዋል። ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ቅባት ሰጡት። ያ ለአንድ ሳምንት አሻለው። ሲተወው ባሰበት። እንደገና ገዛ። በዚህ ሁኔታ ለወራት ስለተቀባው ቆዳው ሳሳ። እነዚህ ቅባቶች ለአጭር ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ጥሩ ናቸው። ለወራት ሲሆን ግን ቆዳን ያሳሳሉ። እኔ ይህንን አውቃለሁ። አጎቴ ግን ወደኔ አልመጣም። ለምን ብዬ ስጠይቀው "አፍሬ" አለኝ።

ያሳፈረው ደግሞ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ሳይት ላይ ምሳ የሚበሉት በአንድ ሳህን ነው። ሦስት አራት ሆነው ብር ያዋጣሉ። አንድ ትልቅ በያይነት ያዛሉ። አንድ ቀን ከመሀላቸው አንዱ እጁን ሰበሰበ። ምንም አላለም። እጁን ብቻ ሰበሰበ። በማግስቱ አጎቴ የራሱን ሳህን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለብቻው ነው የሚበላው። እቤትም፣ እኛም ጋ ሲመጣ፣ ያንኑ ልማድ ይዞ መጣ። "እናንተንስ ብጎዳ?" አለኝ በረንዳው ላይ።

አይተላለፍም። መጀመሪያ ማወቅ የነበረበት ይህንን ነው። አራት ዓመት ሙሉ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ሲያጫውተኝ ግን ልቤ ደንገጥ አለ። እናቱ፣ ማለትም አያቴ፣ ስታርፍ አገር ቤት ሄዶ ነበር። ለቅሶው፣ ተስካሩ፣ የመሬቱ ጉዳይ ሲባል ሁለት ወር ቆየ። እግረ መንገዱን ጸበል ገባ። እጁ ጥርት ብሎ ዳነ። አዲስ አበባ ተመልሶ ሥራ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ማሳከክ ጀመረው። በሳምንቱ ሁሉም ነገር ተመለሰ። "ኃጢአቴ ነው፣ ጸበሉን አላከበርኩትም" ብሎ አዝኖ ነበር። ጸበሉ ምን እንዳደረገለት እኔ የምናገርበት ነገር አይደለም። ሁለት ወር ሲሚንቶ አለመንካቱ ምን እንዳደረገለት ግን አሁን አውቃለሁ።

ወደ ቆዳ ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ታይቶ ነበር። የትም ቢሆን ቅባት ተጽፎለት ነው የወጣው። ይቺኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። እጁን ከማየቷ በፊት ፊቱን አየችና "አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችው። "ለሳኝ ነኝ" አላት። "በዓል ሰሞን ይሻልዎታል?" አለችው። አጎቴ ወደኔ ዞረ። ነግሬያት እንደሆነ ነው ያሰበው። አልነገርኳትም። "ይሻለኛል" አላት።

በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1700 ነው፤ እኛ ጋ ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ሐኪሞች በሽተኛውን ከሚጠይቁት ሁሉ በተጨማሪ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለባቸው ብሎ ጻፈ። ሥራህ ምንድን ነው? ይህንን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ለፈተና አጥንቼዋለሁ። አንዲት ሐኪም አጎቴን እስክትጠይቀው ድረስ ግን ወረቀት ላይ የቀረ ነገር ነበር።

ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ሲሚንቶ እጅን በሁለት መንገድ ይጎዳል። ሁለቱ ይምታታሉ።

አንደኛው ማቃጠል ነው። ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው ኖራ ያወጣል። የቆዳችን አሲድነት በፒኤች ሲለካ 5 አካባቢ ነው። የእርጥብ ሲሚንቶ ከ12 ያልፋል። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ማለት 10 እጥፍ ነው። ከ5 እስከ 12 ያለው ልዩነት ስንት እጥፍ እንደሚሆን አስቡት። የቆዳውን ቅባት ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ጫማ ወይም ሱሪ ውስጥ ከገባ ደግሞ ያቃጥላል። መጥፎው ነገር ወዲያው አለማመሙ ነው። አርማታ ላይ ተንበርክኮ የዋለ ሰው ጉልበቱ መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ እቤቱ ሲገባ ነው። ይህ ማንንም ይጎዳል። ቆዳው ጠንካራ የሆነውንም፣ ለስላሳ የሆነውንም።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። የአጎቴ ይህኛው ነው። ጥፋተኛው ደግሞ ሲሚንቶው ራሱ አይደለም። ውስጡ ያለች እጅግ ጥቂት ብረት ናት። ክሮሚየም።

ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይና ሸክላ በተፈጥሮው ጥቂት ክሮሚየም አለው። ምድጃው የተገነባበት ጡብና የሚፈጭበት ብረትም ሊጨምሩበት ይችላሉ። እንዲያ ሲሆን ብዙም አይጎዳም፤ ሐኪሞቹ ክሮሚየም ሦስት የሚሉት ዓይነት ነው፤ በቀላሉ ቆዳ አያልፍም። ነገር ግን የሲሚንቶ ምድጃ 1,450 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በዚያ ግለት ከፊሉ ወደ ክሮሚየም ስድስት ይለወጣል። ክሮሚየም ስድስት በውኃ ይሟሟል። በላብም ይሟሟል። በተሰነጠቀ ቆዳ ውስጥ እንደልቡ ይገባል። ከገባ በኋላ ተመልሶ ሦስት ይሆንና ከሰውነታችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ያኔ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች የራሳቸውን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ያዩታል። ይመዘግቡታል።

የሚገርመኝ መመዝገቡ ነው። አጎቴ ሐኪሟን "20 ዓመት ስነካው ምንም አላለኝም፤ እንዴት አሁን?" ብሎ ጠየቃት። ማንም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሳይት ላይም "ሲሚንቶማ ቢሆን ኖሮ ዱሮ ይዘው ነበር" ብለውታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የአንዱ ሰው ሰውነት በወራት ይመዘግባል፣ የሌላው በዓመታት፣ የሌላው ጭራሹን አይመዘግብም። አንዴ ከመዘገበ ግን አይረሳም። ዕድሜ ልክ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲያ በጣም ጥቂቷ መጠን ትበቃዋለች። ደግሞ ወዲያው አይደለም የሚነሳው። ዛሬ የነካው ነገና ከነገ ወዲያ ነው የሚያሳክከው። ስለዚህ ሰው ከሲሚንቶው ጋር አያገናኘውም። ማክሰኞ የበላውን ይጠረጥራል።

ለማረጋገጥ የጀርባ ምርመራ አለ። ዮሴፍ ያዳሶን የሚባል የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 የጀመረው ነው። የሚጠረጠሩትን ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ ጀርባ ላይ ይለጥፉና ሁለት ቀን ይተዉታል። ከዚያ ያነሱታል። ቆይተውም ደግመው ያዩታል። አለርጂው ያለበት ሰው የተለጠፈበት ቦታ ይቀላል፣ ያብጣል። ለክሮሚየም ሲሆን ፖታሲየም ዳይክሮሜት የሚባል የክሮሚየም ጨው ይለጥፋሉ። ለአጎቴ ያኔ አልተደረገለትም። ሐኪሟ ግን ታሪኩ ራሱ ብዙ ይናገራል አለች።

ቀጥላ የጠየቀችው ጥያቄ ሁለታችንንም አስደነገጠን። "ጓንት አለዎት?" አለችው። "አለኝ፤ የቆዳ ነው" አለ ደስ ብሎት። አንድ ፎርማን አዝኖለት የሰጠው ነው። እጁ ሲብስበት የበለጠ ያጠልቀዋል። "ይጣሉት" አለችው።

በዓለም ላይ ያለው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ነው። ጨው ሆኖ ሲገባ ሦስቱ ዓይነት ነው። ቆይቶ ግን ከፊሉ ወደ ስድስት ሊለወጥ ይችላል። እርጥብ ቆዳ በላብ እጅ ላይ ሲውል ለአለርጂ ሰው የመርዙን ከረጢት ማጥለቅ ነው። አጎቴ እጁን የሚጠብቅ መስሎት እጁን ሲመግበው ኖሯል። ጫማውስ? በባዶ እግሩ የሚያደርገው የቆዳ ጫማ ነው። እግሩንም ያሳክከዋል። "ላብ ነው" ይል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከሰው ገላ ጋር በሚነካካ የቆዳ ዕቃ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ስድስት በኪሎ ከ3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደንግጓል። የኛ አገር ቆዳ ወደዚያ የሚሸጥ ስለሆነ የሙያው ሰዎች ይህንን ቁጥር ያውቁታል። ያንኑ ጥንቃቄ ሸራ ተራ ለሚሰፋው ጫማም እመኛለሁ።

አሁን ደግሞ እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልምጣ።

የሲሚንቶ ችፌ ከክሮሚየም ጋር መያያዙን ዬገርና ፔሎኒ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ስዊዘርላንድ ውስጥ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። መፍትሔውም ተገኝቷል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1983 ሕግ አወጣች። ሲሚንቶ ውስጥ የሚሟሟው ክሮሚየም ስድስት ከሚሊዮን 2 እጅ እንዳይበልጥ። ፊንላንድ በ1987፣ ስዊድን በ1989 ተከተሉ። መላው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2005 ጀምሮ ይህንኑ ተቀበለ። ከሚሊዮን 2 እጅ ማለት በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ነው። አራት አምስት ፍሬ ሩዝ ያክላል።

እንዴት ቀነሱት? ፋብሪካ አልቀየሩም። ምድጃ አላፈረሱም። ሲፈጭ ትንሽ ፌረስ ሰልፌት ጨመሩበት። ፌረስ ሰልፌት ክሮሚየም ስድስትን ወደ ሦስት ይመልሰዋል። በቃ። ዴንማርክ ውስጥ ከዚያ በኋላ በግንባታ ሠራተኞች ላይ የክሮሚየም አለርጂ መቀነሱን የቆዳ ሐኪሞቻቸው ጽፈዋል።

ፌረስ ሰልፌት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ በእጄ የምሰጠው ነገር ነው። እርጉዝ እናቶች ለደም ማነስ የሚወስዱት የአይረን እንክብል። ከኋላዬ ካለው መደርደሪያ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህንን ባነበብኩ ማግስት ሥራ ገብቼ ማሸጊያውን አነሳሁና ዝም ብዬ አየሁት። ርካሽ ነው። የታወቀ ነው። አጎቴን ሊያድን ይችል የነበረው ነገር ከጀርባዬ ነበር።

ጉድለትም አለው። ከረጢቱ እርጥበት ካገኘው ወይም ብዙ ከቆየ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ እዚያ አገር የታሸገበትን ቀንና ኃይሉ የሚቆይበትን ጊዜ ከረጢቱ ላይ ይጽፋሉ። እኔም አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሳይት በር ላይ የተጣለ ባዶ ከረጢት አንስቼ አገላብጬ አነበብኩ። የፋብሪካው ስም አለ። ዓይነቱ አለ። 50 ኪሎ ይላል። ስለ እጅ የሚል ቃል አጣሁበት። የሚያሽጉት ሰዎች ይህንን ጽሑፍ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። አንድ መስመር ትበቃለች። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ።

በነገራችን ላይ ክሮሚየም ብቻውን አይደለም። ፒያሳ የወርቅ ቤቶች ሰፈር ናት። ወደኛ የሚመጡ ሴቶች "ጆሮዬ አርቴፊሻል አይወድም" ይሉኛል። ያ ኒኬል ነው። በሰው ላይ ብዙ አለርጂ ከሚያስነሱ ብረቶች ዋነኛው እሱ ነው። የጂንስ ሱሪ ቁልፍ እምብርት ሥር የሚያሳክካቸው ወንዶችም አሉ፤ እሱም ያው ነው። ለኛ ጌጥ አውልቀን ማስቀመጥ ነው መድኃኒቱ። ሙሉ ቀን ብረት ሲያጥብና ሲነክር ለሚውል ሰው ግን አውልቆ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም። ብረትን ክሮም ውስጥ እየነከሩ የሚለብጡ ሠራተኞች ላይ ደግሞ የባሰ አለ። ፈሳሹ በትንሽ ጭረት ገብቶ ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው ብዙም ስለማያም ሰውየው ይንቀዋል። ትነቱን የሚተነፍሱት ሰዎች የአፍንጫቸው ግድግዳ እስከመበሳት ይደርሳል። ስለ ክሮም ቁስል እ.ኤ.አ. በ1827 ግላስጎው ውስጥ ተጽፏል። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሐኪሟ ለጥቂት ሳምንታት የሚሆን መድኃኒት ሰጠችው። ዋናው ግን ሲሚንቶ አለመንካት ነው አለችው። አጎቴ ሳቅ አለ። ሳቁ የደስታ አልነበረም። "ልጄ፣ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?" አላት።

እዚህ ላይ ሕጉን ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳል። ከሥራ ስለሚመጣ በሽታም ይናገራል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን አጎቴ ማነው አሠሪው? ሕንፃው የአንዱ ነው። ተቋራጩ ሌላ ነው። ልስኑን የወሰደው ደግሞ ሌላ ነው። እሱ የሚከፈለው በካሬ ነው። አሥር ካሬ ከለሰነ የአሥር ካሬ፣ አምስት ከለሰነ የአምስት። የሚያውቀው ሰው ቅዳሜ ማታ ብሩን የሚቆጥርለትን ብቻ ነው። እጁን ሲያሳየው "ካልተመቸህ ተወዋ፤ በር ላይ ስንት ሰው አለ" ብሎታል። ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ሥራውን ወዲያው አልተወም። ሊተወው አልቻለም። ግን አንዳንድ ነገር ቀየርን። የቆዳ ጓንቱ ተጣለ። ውስጡ ጥጥ የሆነ የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ጓንት ተገዛ። እርጥብ ሲሚንቶ ውስጡ ከገባ ወዲያው እንዲያወልቀው ተስማማን፤ ምክንያቱም ውስጡ የረጠበ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል። ድሮ እጁን የሚታጠበው ዕቃ በታጠበበት ባልዲ ነበር። አሁን የራሱን ሁለት ሊትር ንጹሕ ውኃ በሃይላንድ ይዞ ይሄዳል። ቀለበቱን አወለቀ። ሥሩ ሲሚንቶ ይይዛልና። እጁ ታጥቦ ሲደርቅ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀባል። ቀላል ቀላል ነገር ነው። ማናቸውም አላዳኑትም። ግን ስንጥቁ ጠበበ።

እኔም ሥራዬ ላይ ቀየርኩ። አሁን ቅባት ከመስጠቴ በፊት እጠይቃለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ መጣች። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ባሬላ ተሸካሚ ናት። ኮንጎ ጫማ አድርጋ ሶሌታ ሲሞላ ውላለች። ጫማው ውስጥ አርማታ ገብቷል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀይና ግራጫ የሆነ ቁስል አለ። "ጫማው ፋቀኝ" አለችኝ። ፕላስተር ነበር የፈለገችው። ኮንጎው አልፋቃትም። ኖራው ነው የበላት። በብዙ ውኃ እንድታጥበው ነገርኳትና ለቁስሉ ጤና ጣቢያ ላክኋት። እንዲህ ያለው ቃጠሎ በፕላስተር የሚሸፈን አይደለም። "ነገ መግባት አለብኝ" አለችኝ። ስሟ ከዝርዝር እንዳይወጣ ነው የምትፈራው። ሄደች ወይ አልሄደች እንጃ። እስካሁን ከበሩ ፊት ለፊት የሚያልፉትን ሴቶች እግር እያየሁ እፈልጋታለሁ።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ። "ቆዳህ ስስ ነው" የሚባል ነገር። አጎቴን ሁሉም ሰው እንዲህ ብሎታል። ፎርማኑም፣ ጓደኞቹም፣ እናቴም ሳትቀር። የሱ ቆዳ 20 ዓመት ኖራ ተሸክሟል። ከዚህ በላይ ምን ይጠንክር? ደካማው እሱ ነው ስንል ሲሚንቶውን የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። እሱም አመነው። አራት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ከራሱ ላይ ሲፈልግ ነበር። በሽታው ስም እንዳለው፣ ምክንያት እንዳለው፣ የማይተላለፍ መሆኑን የሰማ ቀን ከሐኪሟ ክፍል ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "እና ልጆቹን አላስይዝም?" አለኝ ደግሞ። "አታስይዝም ጋሼ" አልኩት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዙ ቆየ።

ዓምና ልስኑን ተወው። የምታውቀው አንዲት መሐንዲስ ሳይት ላይ የስቶር ሥራ አስገባችው። ክፍያው ከድሮው ያንሳል። በካሬ ቢሆን ኖሮ ይላል አንዳንዴ፣ ሳያስበው። እጁ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። እንዲህ ዓይነቱ አለርጂ ሥራ ቢለወጥም ለብዙ ሰው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ሐኪሟ ይህንን አልደበቀችውም። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ስንጥቅ በብርድ ጊዜ ይከፈታል። በበዓል ከኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል። እናቴ ለሱ የሚሆነውን ወጥ አልጫ አድርጋ በትሪው ጥግ ታወጣለታለች። ካልቆሰለ በእጁ ይበላል። ከቆሰለ በማንኪያ።

ባለፈው ቅዳሜ የሚሠራበት ሳይት ሄጄ አየሁት። ጓንት ማደል የሱ ሥራ ሆኗል። አንድ ወጣት ለሳኝ በሩ ላይ ቆሟል። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አጎቴ ጓንት ዘረጋለት። ልጁ አልተቀበለም።

"ጋሼ፣ በጓንት እኮ ግድግዳው አይታወቀኝም" አለው። "ደግሞ ያዘገየኛል። ዛሬ 12 ካሬ መጨረስ አለብኝ።"

አጎቴ አልተቆጣም። የልጁን እጅ ይዞ መዳፉን ገለበጠው። ጥርት ያለ እጅ ነው። ከዚያ የራሱን አጠገቡ አድርጎ አሳየው።

"እኔም አይታወቀኝም ነበር የምለው" አለው።

ልጁ ሁለቱን እጆች ትንሽ አየ። ጓንቱን ተቀብሎ ወደ ኋላ ኪሱ ከተተውና ወደ ላይ ወጣ።